የኤላ ዲማ ውሃ ተራ

ጥር 7 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የአብዱባ ጃርሶ ነው። ያገኘው ሰው ይመልስ። ማንበብ የማይችል ሰው ቢያገኘውም ይመልስ፤ በዚህ በሊበን በረሃ ደብተር በብብቱ ይዞ የሚዞር ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ደብተሩን የሸለሙኝ የማታ ትምህርት አስተማሪያችን እትዬ ትርንጎ ናቸው። ከአርባ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ጓደኛዬ ገልገሎ «እኩል ነን» እያለ ያወራል። እኩል አይደለንም፤ በሁለት ነጥብ በልጬዋለሁ። ድርቁ ሲበረታ ተማሪው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ወደ ውሃ ሄደና ትምህርቱ ተዘጋ። እትዬ ትርንጎም ወደ ነገሌ ሊመለሱ ጭነት መኪና ላይ ወጥተው «አብዱባ፣ ካልጻፍክ ትረሳዋለህ። የሆነውን ሁሉ ጻፍ። በአማርኛ ጻፈው፤ ስመለስ አርመዋለሁ» አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ይታረም።

ጥር 9

እትዬ ትርንጎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ላስረዳ። ኤላ ማለት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። የእኛው ኤላ ዲማ ይባላል፤ ዲማ ማለት ቀይ ነው፤ አፈሩ ቀይ ስለሆነ። ከውሃው እስከ ላይኛው ገንዳ ስምንት ሰው አንዱ ከአንዱ በላይ በመሰላል ላይ ይቆማል። የታችኛው በቆዳ ባልዲ ቀድቶ ሽቅብ ይወረውራል፤ ከእሱ በላይ ያለው ተቀብሎ ይወረውራል፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሄደው በዘፈን ነው። ዘፈኑ ከተቋረጠ እጅ ይስታል፤ የሳተው ባልዲ ደግሞ የሚያርፈው ከታች ያለው ሰው አናት ላይ ነው።

ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነኝ። ድምፄ እስከ ወደራ ገበያ ይሰማል ይባላል። ያልኩት እኔው ነኝ፤ ግን ይባላል።

አምና ስድስት ሰው ይበቃን ነበር። ዘንድሮ ውሃው ወደ ታች ሸሸ፤ ስምንት ሆነናል።

ጥር 12

የገልገሎ አራት፣ የእኔ አንዲት ጥጃ ሞቱ። ጅቦቹ ስለጠገቡ መጮህ ትተዋል። ቸኩያለሁ።

ጥር 15

ዛሬ ታሪክ ተሠራ። የሠራሁትም እኔ ነኝ።

የኤላውን ተራ የሚያወጡት ሽማግሌው አባ ዋሪዮ ናቸው። አመሻሽ ላይ ከግራሩ ሥር ይቀመጡና የየቤቱን አባወራ፣ አባወራ ከሌለም ሴትየዋን፣ አንድ በአንድ «ከብቶችህ እንዴት ዋሉ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚወድቅ ከብት አለኝ ያለ በማግስቱ ይቀድማል። የነገው ተራ የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ድሮ ሃያ ቤት ስንሆን ጥሩ ነበር። አሁን ከሞያሌ በኩል እንኳን ውሃ ፍለጋ መጥተው ስድሳ አራት ቤት ሆነናል። ስብሰባው አያልቅም። ትናንት ሁለት ሰዎች ጦር ተማዘዙ።

ተነሳሁና «አባ ዋሪዮ፣ እኔ ልጻፈው» አልኩ። ጻፍኩት። አርባ ቀን፤ በየቀኑ አሥራ ስድስት ቤት፤ እያንዳንዱ ቤት በአራት ቀን አንዴ። መስመር አሰመርኩ፤ ማስመሪያ ስለሌለኝ በጦር ዘንግ። ሰዉ ከብቱን ትቶ እጄን ያይ ነበር። አባ ዋሪዮ ደብተሩን ገልብጠው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩትና፣

«ይሄ ሁሉ እኔ ራስ ውስጥ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«እኔ እኮ ራሴን የሚያመኝ እርጅና ነው ብዬ ነበር።»

ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ከእኔ ሌላ ሰው ሲያስቅ አልወድም፤ ለዛሬ ግን ይቅር ብያቸዋለሁ።

ጥር 19

ጠብ የለም። ስብሰባም የለም። ማለዳ እቆማለሁ፣ ከደብተሩ አነባለሁ፣ ሰው በተራው ይገባል። ከሞያሌ የመጡት እንኳን «የእናንተ ሰውዬ» እያሉ ያወሩልኛል።

ባለቤቴ ሎሚ ብቻ አልተደነቀችም። አመሻሽ ላይ ባዶውን ግራር እያየች «አሁን ማን ማንን ይጠይቃል?» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«ከብቶችህ እንዴት ዋሉ ብሎ።»

«ማወቅ የፈለገ መጥቶ ደብተሩን ይጠይቅ» አልኳት። ጥሩ መልስ ነበር። እሷ ግን መልስ ሲመታት ማመን አትወድም፤ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ጥር 26

ገልገሎ ከአራተኛው መሰላል ወደቀ። ረሃብ ነው። ሲነጋ የበላው የግራር ሙጫ ብቻ ነበር። ክንዱ ተሰብሯል፤ በሕይወት አለ። ባልዲው ቆመ። ከላይ ሦስት መቶ ከብት ይጮሃል። ማን ይግባ ሲባል ወንዶቹ እርስ በርስ ስንተያይ፣ ሎሚ ሻሿን ወገቧ ላይ አሰረችና ወረደች። «አብዱባ፣ ዘፈኑን አውጣ እንጂ! ድምፅህን ወደራ ልከኸው ቀረ?» ብላ ከጉድጓዱ ውስጥ ጮኸች።

አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች ተጨመሩ። ኤላ ዲማ ዛሬም አልቆመም። እትዬ ትርንጎ፣ ይህንን ከሥሩ ያስምሩበት፤ አንድም ቀን አልቆመም።

የካቲት 3

ከነገሌ የእርዳታ በቆሎ መጣ። ለአንድ ቤት አንድ ጣሳ። ጥርሳችን ረስቶት ነበር። መጻፊያ ጊዜ የለም።

የካቲት 5

አሥራ ስድስቱንም ቤት አጠጣን። ሙቀቱ ከባድ ነው። አኮ ዲራሙ መጥተው ነበር፤ አኮ ማለት አያት ነው፤ ከሰፈሩ ዳር የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። ልጃቸው በወሊድ ስለሞተች ኩሊ የምትባል ጨቅላ ያሳድጋሉ። ሁለት ላም አላቸው። ተራቸው ነገ ነበር። ተመለሱ። ሌላ ነገር የለም።

የካቲት 6

አኮ ዲራሙ በተራቸው አልመጡም። ተራ ይዞ መቅረት ጥሩ አይደለም። ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

የካቲት 7

የአኮ ዲራሙ ዳለቻ ላም ሞታለች። ከትናንት ወዲያ ከእኛ ሲመለሱ ደረቁ ወንዝ ጋ ወደቀች። ብቻቸውን ሊያነሷት ሲታገሉ መሸባቸው። የምትታለበው እሷ ነበረች፤ ኩሊ የምትጠጣው የእሷን ነበር። አሁን የቀረቻቸው አንዲት እርጉዝ ጊደር ናት። እስክትወልድ ወተት የለም። ለመውለድ ደግሞ እስከ ዝናቡ መቆም አለባት።

ይህንን ማን ሊያውቅ ይችላል? እኔ የከብት ሐኪም አይደለሁም። ተራቸው በማግስቱ ነበር፤ ተጽፏል። የጻፍኩትም ለሁሉም እኩል ነው። ለራሴ እንኳን አላዳላሁም፤ ዛሬ የእኔ ተራ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንደኛ ነው። ተራ ካልተከበረ ያ ጦር ተመልሶ ይመጣል፤ ሰው ይሞታል፤ ሰው ከላም አይበልጥም? ይህንን ሁሉ ለሎሚ አስረዳኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

የካቲት 11

ገንዳው ጋ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ደብተሩ ነው እንጂ አብዱባ ምን ያድርግ! የተጻፈውን አነበበ» አለች አንዷ። ሌላዋም «እሱማ ምን ያድርግ» አለች። ደግ ሴቶች ናቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ገልገሎ ክንዱን አስሮ ከግራሩ ሥር ውሎ ሰው ያስቃል። እንደ እኔ ደረቱን ነፍቶ፣ ቁራጭ ቆዳ እንደ ደብተር ዘርግቶ፣ «ደብተሩ እንደ እኔ አይቀልድም!» ይላል። ድምፄን በደንብ ይዞታል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልዴን መስረቁን አልጠላሁትም፤ ግን ስንት ጥሩ ጥሩ ቀልድ እያለኝ የዚያን ቀኑን ብቻ መርጦ መስረቁ ምንድነው?

የካቲት 15

የላማችን ወተት ቀንሷል። ሎሚን ብጠይቃት «ጥጃዋ ጠባችው» አለች። ጥጃችን በጥር ሞታለች። እዚሁ ደብተር ላይ ተጽፏል። ጠዋት ጠዋት በቅል የሆነ ነገር ይዛ ወደ ሰፈሩ ዳር ስትሄድ አያለሁ፤ ባላይ ይሻላል ብዬ ፊቴን ወደ ኤላው አዞራለሁ።

የካቲት 19

ዛሬ ማለዳ በአኮ ዲራሙ በር አለፍኩ። መንገዴ ነው። ማለቴ፣ ኤላው በሌላ በኩል ነው፤ ግን ጠዋት መሄድ ለጉልበት ጥሩ ነው። ጊደሯ ተኝታ መነሳት አቅቷት ነበር። እኔ በጅራቷ፣ እሳቸው በቀንዷ ይዘን አቆምናት።

«ናጋ፣ አኮ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ናጋ፣ ልጄ። ሎሚ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ምርቃቴን አድርስልኝ።»

ስለ ዳለቻ ምንም አላሉም። አንድ ነገር ቢሉኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አራት መልስ። አንዱንም ሳልጠቀምበት ተመለስኩ።

የካቲት 20፣ 21፣ 22፣ 23

በዚያ መንገድ። አቆምናት።

የካቲት 25

የጻፍኩት አርባ ቀን ዛሬ አለቀ። አባ ዋሪዮ መጥተው «የሚቀጥለውን ጻፍ» አሉኝ።

«እስክሪብቶዬ አልቋል፣ አባ» አልኳቸው።

ይህንን የምጽፈው በዚያው እስክሪብቶ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

«እንደ ድሮው ይጠየቅ» አልኩ።

አመሻሽ ላይ ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። ሰው ከአርባ ቀን በኋላ ተገናኝቶ የማያውቀውን ስንት ነገር ሰማ! ያኛው ስምንት ከብት ሞቶበታል፤ ያኛዋ ልጇ ታሟል፤ ከሞያሌ የመጣው ሰውዬ ለሁለት ተራ አንድም ከብት ሳይኖረው ዝም ብሎ ቆሞ ሲያጠጣልን ከርሟል፤ የሚሄድበት ስለሌለው ነው። ጎረቤቱ እንኳን አላወቀም። ጥያቄው አኮ ዲራሙ ጋ ሲደርስ፣

«ዲራሙ፣ ከብቶችሽ እንዴት ዋሉ?»

«አንዷ ደህና ናት።»

ይኸው ብቻ። ማንም ወደ እኔ አላየም። እንዲህ ሲሆን ሰው የት እንደሚያይ ይቸግረዋል፤ እኔ የግራሩን ሥር ቆጠርኩ። ጊደሯ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ከሁሉ በፊት እንድትጠጣ ተወሰነ።

መጋቢት 9

ውሃው ደግሞ ሸሸ። መሰላሉ ላይ አሥር ሆነናል። ድምፄ ጠፋ። እኔ፣ አብዱባ፣ ድምፄ ጠፋ! አባ ዋሪዮ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው ዘፈኑን ያዙት። ያወጡት የአያቶቻቸውን ዘፈን ነው፤ ማናችንም አናውቀውም ነበር፤ ግን እጃችን አወቀው። አንድም ባልዲ አልወደቀም። ታች ሆኜ ውሃ እየቀዳሁ ሽቅብ ሳይ፣ ዘጠኝ ሰው፣ ሁሉም አጥንት፣ ሁሉም ጭቃ፣ ከላያቸው ሳንቲም የምታክል ሰማይ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ይህንን በማንም ደብተር ላይ ቢሆን እጽፈዋለሁ።

መጋቢት 16

የእኔ ሁለት ሞቱ። ሦስት ቀሩኝ። ጊደሯ ቆማለች። ባልዲው አልቆመም።

መጋቢት 21

ደመና። መጣ፣ አየን፣ ሄደ። ገልገሎ «ተራችን ነገ ነው ብሎ ነው» አለ። አልሳቅሁም። እሱም አይቶኝ አቆመ።

መጋቢት 27

ዘነበ!

ብርዱ አይጣል ነው። ድርቅ ያከሳው ከብት የመጀመሪያውን ዝናብ አይችለውም፤ ብርዱ ይገድለዋል። ሰው እየጨፈረ ከብቱ በዙሪያው ይወድቃል። ምንም ሳላስብ ወደ አኮ ዲራሙ ሮጥኩ። ጊደሯ ጭቃው ውስጥ ተዘርግታለች። እኔ፣ ሎሚ፣ ገልገሎ በአንድ ክንዱ፣ ያ ከሞያሌ የመጣው ሰውዬ፤ አንስተን አቆምናት፤ ቁርበትና ጋቢ አለበስናት፤ ከዚያ በአራት በኩል በትከሻችን ደግፈን ያዝናት። ስንለቃት ትወድቃለች፤ ስለዚህ አልለቀቅንም። ከጠዋት እስከ ማታ። ትከሻችን እንዳይስት የኤላውን ዘፈን አወጣሁ። ድምፄ ተመልሶ ነበር። በዝናብ ውስጥ የውሃ መቅጃ ዘፈን የዘፈነ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ቆማለች።

ሚያዝያ 3

ወለደች! ሴት ናት። እናቲቱ ወተት የላትም ማለት ይቻላል፤ ለጥጃዋ እንኳን አትበቃም። ግን ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ሳሩ ብቅ ብሏል።

ሚያዝያ 7

እትዬ ትርንጎ ከነገሌ መጡ። ከእሳቸው ጋር አንድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ኃላፊ አለ። «ተራውን በጽሑፍ ያወጣው ጎበዝ» ወሬው ነገሌ ደርሷል! ነገ በሰው ፊት ደብተሩን እንዳነብ፣ ከዚያም እንድሸለም ተባለ። እትዬ ትርንጎ ደብተሩን ተቀብለው ከግራሩ ሥር ግማሽ ቀን በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ሲያርሙ ከሩቅ አይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሳቁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዩ።

አመሻሽ ላይ መለሱልኝ። ቀይ ብዙ የለም፤ ጥሩ ተማሪ ነኝ። የካቲት 5 ላይ ግን «ሌላ ነገር የለም» ያልኩትን አስምረውበት፣ ከጎኑ «ይህ ገጽ አላለቀም» ብለው ጽፈዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አስተማሪ ነኝ እንጂ እዚያ አልነበርኩም። አንተ ነህ የነበርከው» አሉኝ።

ሚያዝያ 8

የሆነውን እጽፋለሁ።

ሰዉ ሁሉ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። ኃላፊው ተናገረ፤ ረጅም ነው። ከዚያ «ጓድ አብዱባ ያነብልናል» አለ። ተነሳሁ፤ ደረቴን ነፋሁ። ገልገሎ ሳቁን አዘጋጀ፤ ሁሉም አዘጋጀ። የተራውን ገጽ አልከፈትኩም። ትናንት በፋኖስ የጨረስኩትን ከፈትኩና በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በኦሮምኛ አነበብኩ፤

«የካቲት 5 ቀን። አኮ ዲራሙ ሁለት ላም ይዘው መጡ። ዳለቻ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይቻለሁ። አኮ ‹አብዱባ፣ ልጄ፣ ይህቺ ነገን አትደርስም› አሉኝ። ደብተሩን ከፍቼ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ስማቸውን አነበብኩ። ከዚያ ‹ተራዎ ነገ ነው፣ አኮ፤ ደብተሩ እንደ እኔ አይቀልድም› አልኩ። ሰው ሳቀ። ስለሳቀ ደስ አለኝ። ገንዳው ውስጥ ውሃ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ወደ እትዬ ትርንጎ ዞረ፤ እትዬ ትርንጎ መሬቱን ያያሉ። በእኛ ዘንድ ውሃ እያለ የከለከለ ሰው ከብት ይከፍላል፤ አባ ዋሪዮ ይህንን ለማስታወስ ደብተር አያስፈልጋቸውም።

«ስንት ቀረህ?» አሉኝ።

«ሦስት፣ አባ።»

«የምትታለበው?»

«አንዷ ናት። እሷን እሰጣለሁ።»

ሎሚ ከሴቶቹ መካከል «ወተቷ እንደሆነ ድሮ ሄዷል፤ አሁን የሚሄደው እግሯ ብቻ ነው!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ሰው ሳቀ። እኔን ቀድማ ሰው አሳቀች። ሁለተኛ ጊዜ ነው ይቅር የምለው።

አኮ ዲራሙ ኩሊን አዝለው ተነሱ። እስከ ዛሬ ያልነካሁት መልስ አራቱም ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«አብዱባ፣ ልጄ» አሉ፣ «ጥሩ ታነባለህ።»

ኃላፊው ሽልማቱን ይስጥ አይስጥ ግራ ገብቶት በኪሱ ይዞት ሄደ። እስክሪብቶ ነበር ይባላል። እኔ እንደሆነ ያላለቀ እስክሪብቶ አለኝ።

ሚያዝያ 16

ዛሬ ኤላውን ጠረግን። ዝናቡ ያወረደውን ጭቃ በዚያው በባልዲው፣ በዚያው በመሰላሉ፣ በዘፈን እናወጣለን። ከብቱ ሜዳው ላይ ኩሬ ይጠጣል። ከስድሳ አራት ቤት ከብት ግማሹ የለም። ሰው ግን ሁሉም አለ። ይህንን ሂሳብ የሚያሸንፍ ኤላ በሊበን ካለ ይቅረብ።

በኤላ ዘፈን ውስጥ ስሙ የገባ ሰው አይረሳም። ሰዎቹ ለእኔ ሁለት ስንኝ አውጥተዋል። በኦሮምኛ ነው፤ ለእትዬ ትርንጎ ልተርጉመው። አንዱ «በዝናብ ውስጥ ጊደር ይዞ የዋለው አብዱባ» ይላል። ሁለተኛው «ውሃ እያየ ነገ ያለው አብዱባ» ይላል። ሁለት ጊዜ የገባ ሰው የለም፤ አባቴም፣ አባ ዋሪዮም አንድ አንድ ጊዜ ነው የገቡት። ገልገሎ አንድም ጊዜ አልገባም። በሁለት በልጬዋለሁ።

ዘፈኑን የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስይዝ ድምፄ ወደራ ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ትንሽ ዝቅ አልኩ መሰለኝ። አኮ ዲራሙ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ኩሊን ወተት ያጠጡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣

«ጮክ በል እንጂ፣ አብዱባ! ከታች ያሉት አይሰሙህም» አሉ።

ጮክ አልኩ። ባልዲው አልሳተም።